የሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ሟች

በእኛ ከተማ የነርስነት ፈቃድ ፈተና የወደቀ ሰው ውጤቱን ከሰሌዳ ላይ አያነብም። መርዶ ነጋሪዎች ማለዳ ቤቱ ድረስ መጥተው ይነግሩታል። ልማዱን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ምክንያት የለውም ግን አልልም። ተፈታኙ ዛሬ በወረቀት ላይ የሚሰጠው መልስ ነገ በሰው ላይ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ መልሱ በሽተኛውን የሚገድል ከሆነ በሽተኛው ሞቷል ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ይለቀስለታል።

እኔ የገደልኩት በሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ የነበረውን ሰውዬ ነው። ዕድሜው አርባ ዓመት የሆነ የልብ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ፤ ከዚህ መድኃኒት ምን ያህል ይሰጠዋል? ይላል ጥያቄው። መልሱ ሩብ ሚሊግራም ነበር። እኔ ነጥቧን አንድ ቤት ገፍቼ ሁለት ሚሊግራም ተኩል ሰጠሁት። ጥያቄው አሻሚ አልነበረም፤ ሰዓትም አላጠረኝም፤ አልታመምኩም። ቸኩዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የፈተና ሸንጎው በድሎታል ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ነው።

መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ በሩን የከፈተችው እናቴ ናት።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ እስቲ ይቀመጡ» አላት ትልቁ።

«ማነው የሞተው?»

«የአርባ ዓመቱ ሰውዬ ነው።»

«የትኛው የአርባ ዓመት?»

«የልጅዎ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «መንክር፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ነጥብ ነው እማዬ።»

«የምን ነጥብ?»

«ያለ ቦታዋ አድርጌያት ነው።»

«በነጥብ ሰው ይሞታል እንዴ?»

«ይሞታል እናቴ» አላት መርዶ ነጋሪው በትሕትና። «አብዛኞቹ በነጥብ ነው የሚሞቱት።»

እናቴ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋም አለቀሰች። ከተመረቅኩ ጀምሮ ለመንደሩ ሁሉ «ነርስ ነው ልጄ» ስትል ከርማ ነበር። ጎረቤቶቻችን መርፌ ለመወጋት ቀጠሮ ይዘውልኝ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሕመም ሳይኖራቸው ጭምር። ያን ቀን ጠዋት ያለቀሰችው ለሟቹ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኳትም።

ከረፋዱ ላይ ዕድሩ ድንኳን ተከለ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ድንበሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ በጥያቄ የሞተና በአልጋ የሞተ ሰው ለእሳቸው እኩል ነው። እንዲያውም ለጥያቄ ሟች አንድ ነገር ይጨመርለታል። በድንኳኑ በር ላይ አጭር ዱካ ይደረግና ገዳዩ እዚያ ይቀመጣል። የሚገባው ሁሉ በእሱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ማንም አይሰድበውም። ማንም አያጽናናውም። እንዲቀመጥ ብቻ ነው የሚፈለገው።

«አርባ ዓመት! ገና ጎልማሳ እኮ ነው» አለች አንዷ ጎረቤታችን ስትገባ።

«ልቡን ያመው ነበር አሉ» አለች ሌላዋ።

«ልቡስ ምን አለው? ይዞት ይኖር ነበር» አለችና እኔን ሳታየኝ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ «ልጆች ነበሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥያቄው ላይ አልተጻፈም አባባ።»

«ካልተጻፈ የሉትም» አሉ አቶ ድንበሩ።

«ካልተጻፈማ ስሙም አልተጻፈም፤ ስም የለውም ልትል ነው? አርባ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር ይሄ ሰውዬ?» አሉ ሽማግሌው።

ድንኳኑ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ሁለት ልጆች እንዲኖሩት ተወሰነ፤ ትልቋ ሴት፣ ትንሹ ወንድ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ለቀስተኞች ስለ ልጅቷ ይጠይቁ ጀመር። እኔም ዱካዬ ላይ ሆኜ ስለ እሷ አስብ ነበር። ሰባተኛ ክፍል አደረግኳት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ የሚነግራት ሰው ታየኝ፤ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

አብሮኝ የተማረው ጌትነትም ወድቆ ነበር። እሱ ግን አራት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ባዶ ስለተዋቸው ማንንም አልገደለም። የእሱ በሽተኞች ገና እየጠበቁ ናቸው ተብሎ እናቱ ግቢ ውስጥ አራት ወንበር ተደረደረላቸው፤ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ይቀርብላቸዋል። ቁርሱን ማን እንደሚበላው አልጠየቅኩትም። በለቅሶው ላይ ከነበረው ሁሉ ይልቅ የወፈረው እሱ ነው።

በሠልስቱ ቀን የማናውቃቸው አንዲት ሴትዮ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ልብሱ አዲስ አልነበረም፣ ብዙ የታጠበ ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ እንደሌሎቹ አልፈጠኑም። ቆመው ፊቴን አዩት፤ ገብተውም አለቀሱ። ለቅሷቸው ከእኛ ለቅሶ ይለይ ነበር። እኛ ስናለቅስ የነበረው እንደ ደንቡ ነው፤ እሳቸው ግን ድምፅ ሳይወጣቸው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ማን ልበል?» አሉ አቶ ድንበሩ።

«ይመናሹ እባላለሁ። ከታችኛው ሰፈር ነኝ።»

«የሟች ምን ነሽ?»

«ባለቤቱ ነኝ።»

አቶ ድንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ «ጥያቄው ላይ አልተጻፈም» ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተማከሩ። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ሚስት ቢኖረው እንደማይገርም ተስማሙና ለወይዘሮ ይመናሹ ከፊት ረድፍ ቦታ ተለቀቀላቸው።

የወደቀ ሰው ለሚቀጥለው ፈተና የሚዘጋጅበት ሥርዓት አለው። ጥቁር ይለብሳል፣ ጺሙን አይላጭም፣ በሽተኛ አይነካም። ሕፃን ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ እንኳ ሌላ ሰው መጥራት አለበት። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ወድቆ ሲያለቅስ ሮጬ ደረስኩና ትዝ ሲለኝ እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ። እናቱ ከቤት ወጥታ አየችን፤ እሱ መሬት ላይ፣ እኔ በላዩ ላይ ቆሜ። ልጁን አነሳችና «እንኳን አልነካኸው» አለችኝ። ከልቧ ነበር ያመሰገነችኝ።

ለዝግጅት የምንሄደው መሰናዶ ቤት ነው። አስጠኚያችን አቶ ወንድይፍራው በከተማው የተከበሩ ናቸው፤ ፈተናውን በሕይወታቸው ተፈትነውት ስለማያውቁ በእጃቸው የሞተ ሰው የለም። ሥራቸውም ቀላል ነው። ሸንጎው ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ሟቹም ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ ተብሎ። ስለዚህ ማወቅ ያለብን የትክክለኛውን ምርጫ ፊደል ብቻ ነው።

«ሠላሳ አንድ!» ይላሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ሐ!» እንላለን ሁላችንም።

«ሠላሳ ሁለት!»

«ሀ!»

አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ሠላሳ አንድ ለምን ሐ ሆነ?» አልኳቸው።

«ለምን የሚል ጥያቄ ፈተናው ላይ የለም» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ተቀመጥኩ። የሳቁት ሰዎችም እንደኔ ጥቁር ለብሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስመለስ ወይዘሮ ይመናሹ ደጃችን ላይ ዳንቴል እየሠሩ አገኛቸዋለሁ። ከሠልስቱ በኋላ መምጣት አልተዉም። እናቴ መጀመሪያ ፈራቻቸው፤ በኋላ ግን ወንበር ታወጣላቸው ጀመር። ልጄ ባሏን ለገደለባት ሴት ወንበር ማውጣት ያንስ እንደሆነ እንጂ አይበዛም ትል ነበር።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» ይሉኛል።

«ሐ።»

«እሱንማ ትናንትም ተምረኸዋል። ሁለት ተኩሉን ስትሰጠው ምን ሆነ?»

«ሞተ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም የምልህ። ወዲያው ሞተ? ቆየ? ተናገረ?»

«ጥያቄው ላይ…»

«ጥያቄውን ተወው። አንተ ነርስ ልትሆን አይደል? አንተ ንገረኝ።»

አላውቅም ነበር። ኮሌጅ ጨርሼ፣ ሰው ገድዬ፣ እንዴት እንደሞተ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከመሰናዶ ቤት ቀርቼ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጥቁር የለበሰ ሰው ስለማያስገቡ መስኮት ላይ ቆሜ መጽሐፉን አቀብሉኝ አልኩ፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩ። ለአንድ ጥያቄያቸው መልስ ይዤ ስመጣ ሌላ ይጠይቁኛል። ልቡ ስንት ጊዜ ይመታ ነበር? ከመስጠትህ በፊት የደም ሥሩን ይዘህ ቆጥረሃል? ካልቆጠርክ ለምን አልቆጠርክም? ሲያቅለሸልሸው ምን አልከው? እኔ በወረቀት ላይ ክብ ከማክበቤ በስተቀር ምንም አላደረግኩም ነበር፤ ግን ይህን ለእሳቸው መናገር አልሆነልኝም። ስለዚህ በየቀኑ ሰውዬውን መጀመሪያ ከገባበት በር ጀምሬ እቀበለው ጀመር። የደም ሥሩን እይዛለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እጠይቀዋለሁ። በየቀኑም ይሞትብኛል።

አንድ ቀን መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይን ላይ የሚያደርገውን አንብቤ መጣሁ።

«የሚያየው ነገር ይለወጥበታል» አልኳቸው። «ሁሉም ቢጫ ሆኖ ይታየዋል። መብራቱም፣ ሰዉም።»

ዳንቴሉን የሚሠራው እጃቸው ቆመ።

«ግድግዳውም?»

«ግድግዳውም ይመስለኛል።»

«ግድግዳውን ማነው ቢጫ የቀባው ይል ነበር» አሉ። «ነጭ ነው እለዋለሁ። አይ ይመናሹ፣ ቀብተውታል፣ ደግሞ ቀለሙ አያምርም ይለኛል። የቃዠ መስሎኝ ሳቅኩበት።»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ባለቤታቸው የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ልቡን ያመው ነበር፤ የአርባ ዓመት ሰው ነበር። መድኃኒቱን የሰጠው ፈቃድ ያለው ነርስ ነው። በእኛ አገር ሕግ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው አይገድልም። ፈቃዱን ሲቀበል በሕዝብ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ በእጄ የሚሞት ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሞተው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው። ለባለቤታቸውም ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ዱካ አልነበረም።

«ታዲያ ወደ እኛ ለቅሶ ለምን መጡ?» አልኳቸው።

«የሚያፍር ሰው ለማየት።»

«አዩ?»

«አየሁ። ጭንቅላትህን ቀብረህ ተቀምጠህ ነበር።»

«ምን ተሰማዎት?»

«ራበኝ» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምግብ እንደ ሥራ ነበር የምበላው። ያን ቀን ራበኝና ንፍሮውን ሁለቴ አስጨመርኩ።»

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ካለፍኩ ሸንጎው ሟቹ ድኗል ብሎ ያውጃል፤ ለቅሶውም እንዳልነበረ ይሆናል። ካላለፍኩ እናቴ ሁለተኛ ድንኳን አትችልም፤ ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀም ከዚያ ወዲያ አይፈተንም። ይህንኑ ለወይዘሮ ይመናሹ ነገርኳቸው።

«ያኔ ባልሽ ዳነ ይሉኛላ!» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «እለፍ አንተ። የእኔን ለእኔ ተወው።»

በፈተናው ቀን ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሐን አከበበ። ያን ሁሉ ጊዜ ከሰውዬው ጋር ከርሜ፣ እጄ ግን የመሰናዶ ቤቱ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እስክሪብቶዬን አንስቼ ምርጫዎቹን ሳነብ ሐ ሁለት ሚሊግራም ተኩል ሆኗል። በኋላ እንደሰማነው አዲሱ አታሚ ምርጫዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ቢደረደሩ ያምራሉ ብሎ ነው። ሐን ሰርዤ ሩብ ሚሊግራም የሚለውን መ አከበብኩ። ዙሪያዬን አየሁ። የመሰናዶ ቤት ጓደኞቼ ቀና ሳይሉ ያከብባሉ። መናገር ክልክል ነው፤ አልተናገርኩም።

ከሳምንት በኋላ በከተማው ድንኳን ጠፋ። ዕድሮች ከገጠር ተከራዩ፤ አንዳንዱ ቤት በላስቲክ ሥር ነው ያለቀሰው። አቶ ወንድይፍራው ተጠይቀው «ፊደሉ አልተቀየረም፤ የተቀየሩት ቁጥሮቹ ናቸው፤ ቁጥር ደግሞ አላስተምርም» አሉ። መልሳቸው ልክ ነው ተባለ።

ያለፍነው ጥቂት ሰዎች አደባባይ ተጠራን። የሸንጎው ሊቀመንበር «የሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ሟች ድኗል!» ሲሉ እልልታ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። አቶ ድንበሩ በሰው መሐል እየተጋፉ ወይዘሮ ይመናሹ ዘንድ ደረሱና ሦስቴ ሳሟቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ! በይ እንግዲህ ጥቁሩን አውልቂው።»

«ድኖ የት ሄደ?» አሏቸው።

«እ?»

«ባሌ። ድኖ የት ሄደ?»

«እሱ እንግዲህ የዕድር ጉዳይ አይደለም» አሉ አቶ ድንበሩ። ግራ ተጋብተው ነበር፤ ክፋት የላቸውም።

ተራዬ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣሁ። ቃሉን በቃሌ አውቀው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ» አልኩ። «በእጄ የሚሞት ሁሉ» አልኩ። ወይዘሮ ይመናሹ ከፊት ቆመዋል፤ በእልልታው መሐል እሳቸው ብቻ ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። እያዩኝ ነበር፤ በቁጣ አይደለም፣ ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ። የቀረውን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ጀግንነት እንዳይመስል፤ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር። እንደገና ሞከርኩ፤ እዚያው ቃል ላይ ቆምኩ። ላቤ በጺሜ ውስጥ ወረደ።

«ቀጥል» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«ቀኑ ሳይደርስስ ቢሞት?» አልኩ በቀስታ። ለእሳቸው ብቻ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሰማ።

«ፈቃድ ካለህ እንደዚያ አይሆንም።»

«ከሆነስ?»

«አይሆንም አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሸንጎው መድረኩ ላይ ተሰብስቦ ተማከረ። ፈተናውን ማለፌ የማይካድ ነው፤ ቃሉን አለመጨረሴም እንደዚያው። በደንቡ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ተፈቃጁ በአፉ የተናገረው ብቻ ስለሆነ፣ የተናገርኩት ተጽፎ እንዲሰጠኝ ወሰኑ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ እኔም አላገኝለትም ነበር።

በጤና ጣቢያችን ነርሶች የሚሠሩት በየመስኮቱ ነው፤ ከመስኮቱም በላይ የእያንዳንዱ ፈቃድ በመስታወት ተሰቅሎ ይታያል። በእኔ መስኮት ላይ «ከዛሬ ጀምሮ በእጄ የሚሞት ሁሉ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ወረፋ የያዙት ሰዎች ቀና ብለው አነበቡና ተያዩ። አንድ ሰውዬ ሚስቱን በክንዷ ስቦ ወደ ጎን ወሰዳት።

«ይሄኛው መግደል ይችላል» አላት።

«እነዚያስ?»

«እነዚያ አይችሉም። ተጽፏል እኮ።»

በሕጉ መሠረት ትክክል ነበረ። ወደ ሌሎቹ መስኮቶች ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ወጣ፤ ሥራውም ፈጣን ነበር፤ መርፌውን ይሰጣሉ፣ «ቀጣይ!» ይላሉ። እኔ ያፀዳሁትን ጠረጴዛ መልሼ አፀዳለሁ። እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ባዶ ወንበሩን ስታይ ሰው እንዳያያት ቶሎ ተመለሰች። ከኮሌጅ ጓደኞቼ አንዱ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ገዳዩ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው። ፈገግ አልኩለት።

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ይመናሹ መጡ። ሐኪሙ መርፌ አዞላቸው ነበር። ወረፋዎቹን አልፈው እኔ ፊት ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እዚያ ጋ ቢሄዱ ቶሎ ይጨርሱልዎታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ፈቃዴን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ትፈራለህ። እኔ የሚፈራ ሰው ነው የምፈልገው።»

ትዕዛዙን አነበብኩ። የደም ሥራቸውን ይዤ ቆጠርኩ። ብልቃጡን አነበብኩ፣ መድኃኒቱን ሳብኩ፣ መርፌውን አስቀምጬ ትዕዛዙን መልሼ አነበብኩ።

«ኧረ ቶሎ በል ልጄ፣ ክንዴ በረደኝ» አሉኝ።

ከጎኔ ባሉት ወረፋዎች ሰዎች ይስቁ ነበር። ፊቴ ጋለ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግኩና እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።